ከአግዳሚው ሥር የቀረ ቂጣ

ሻሺቱ ሰኞ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች ገፋ ገፋ እያደረገች ስትጠርግ፣ ከአንዱ ሥር ቁራሽ ቂጣ አገኘች። ከሕፃን እጅ ያመለጠ መስሏት አነሣችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ወደ ኋላ ስትሄድ ሌላ አገኘች፤ ከዚያም ሌላ። አንዳንዱ በሶፍት ተጠቅልሎ በአግዳሚው ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጧል። ጠርጋ ስትጨርስ የቋጠረችው እፍኝ ሞልቷል። ትናንት በጌታ እራት ላይ የታደለው፣ እሷ በእጇ ለውሳ የጋገረችው ቂጣ ነው።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ምክንያቱን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ሻሺቱ የተወለደችው ከጨንቻ በላይ፣ የጋሞ ደጋ ላይ፣ ከማና ወገን ነው። ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎቹ ናቸው። በእነሱ ድስት አገር ምድሩ ወጥ ይሠራል፤ እነሱ ግን ከሰው ገበታ አይቀርቡም፣ ከእጃቸውም አይበላም። ከእነሱ ጋር መጋባት ጎሜ ነው፤ በቤት ላይ መዓት የሚጠራ ነውር። እናቷ ገበያ ስትወጣ ከሌላው ሻጭ ራቅ ብላ ትቀመጥ እንደነበር፣ ውሃ ሲጠማትም በቅል ሳይሆን በመዳፏ ይፈስላት እንደነበር ሻሺቱ አልረሳችም።

ካሱ የሚባል የሸማኔ ልጅ ወዶ ሲያገባት ዘመዶቹ ካዱት። ሁለቱም ወደ አርባ ምንጭ ወርደው ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራዩ። "እዚህ የማን ልጅ ነሽ የሚልሽ የለም" አላት ካሱ። "አንቺም አትናገሪ፣ እኔም አልናገር።" አልተናገሩም። ካሱን ወባ ከወሰደው በኋላ ምስጢሩን ብቻዋን ይዛ ኖረች። ልጃቸው ሔርሜላ እንኳ አታውቅም ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ የሆነ፣ ትንሽ ናት። ሻሺቱ በጽዳት ነበር የጀመረችው፤ ቆይቶ መጋቢ ይፍሩ ለጌታ እራት የሚሆነውን ቂጣ እንድትጋግር ጠየቃት። ሳይታወቃት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። እሱ ትሕትና መሰለው።

"ከባድ አይደለም፤ ዱቄትና ውሃ ነው" አላትና ትርጉሙን ቁጭ ብሎ አስረዳት። እስራኤላውያን በግብፅ ባሮች ነበሩ። ውጡ በተባሉ ሌሊት ሊጡ እስኪቦካ የሚጠብቁበት ፋታ አልነበራቸውምና ያልቦካውን ተሸክመው ወጡ። አይሁድ እስከ ዛሬ በፋሲካቸው ሰሞን እርሾ የነካውን ሁሉ ከቤታቸው ጠርገው ያወጣሉ፤ ያንንም ቂጣ የመከራ እንጀራ ይሉታል። ጌታም ሊሞት ሲል፣ በዚያው በዓል፣ ቂጣውን አንሥቶ ቆረሰ፤ ሥጋዬ ነው ብሎም ሰጣቸው።

"የባሮች እንጀራ ነው፣ እህት ሻሺቱ" አላት ሲጨርስ።

ያን ቀን ቤቷ ገብታ አለቀሰች። የእናቷን መዳፍ አስታውሳ ነው ያለቀሰችው፤ ደስታም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የጌታ እራት በደረሰ ቁጥር የእንጀራ ቡሃቃዋን ደጅ ታወጣለች፤ እስከ ክርኗ ታጥባ ትለውሳለች። ኦርቶዶክሷ ጎረቤቷ ብርቅዬ አንድ ቀን አይታት ተገረመች።

"የእኛ ኅብስት እርሾ አለበት" አለቻት። "ሥጋው ነፍስ አለው ለማለት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የእናንተማ ደረቅ ነው።"

"የእኛ ከባርነት የወጡ ሰዎች ምግብ ነው" አለች ሻሺቱ። ስትናገር አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።

ነገሩን ያፈረሰችው ውብአየሁ ናት፤ እሷም ክፋት አስባ አይደለም። ልጇ ዘንድ ልትኖር ከጨንቻ የወረደች ባልቴት ነበረች። ከአምልኮ በኋላ በሩ ላይ ሻሺቱን ስታይ ያገር ሰው በማግኘቷ ፊቷ በራ። "አንቺ የሸክላ ሻጯ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ቁርጥ እናትሽን" አለቻት በጋሞኛ። አጠገባቸው የቆሙት ሁሉ ሰሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታው በሩቅ ሆነ። ጎሜን ትተናል ብለው በጉባኤ ፊት የመሰከሩት ሰዎች ናቸው ቂጣውን ከሳህኑ አንሥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸልየው፣ ከአግዳሚው ሥር የጣሉት።

መጋቢ ይፍሩ ቂጣውን ከአግዳሚው ሥር ባገኘችበት ሳምንት ቤቷ መጣ። ብዙ ስለ ጤናዋ ጠየቀ።

"ምእመኑ ተከፋፍሏል" አለ በመጨረሻ። "ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ ያቦካል። ነገሩ ሳይሰፋ ለጊዜው ከመጋገሩ ብታርፊ ብለን ነው።"

"እርሾው እኔ ነኝ?"

"አንቺን አላልኩም። ጸቡን ነው።"

ሻሺቱ ተነሥታ ጠዋት ለቁርስ ከጋገረችው ቂጣ አቀረበችለት። ቆርሶ በላ። እስኪውጥ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

"እዚህ በሉልኝ" አለችው። "እሑድ በእነሱ ፊትስ፣ ይህን የጋገረችው ሻሺቱ ናት ብለው ይበላሉ?"

መጋቢው እጁን ከሳህኑ ሰበሰበ። "ቤተ ክርስቲያኗ ትበተናለች" አለ።

"እንግዲያው አርፋለሁ።"

ሊወጣ ሲል ጸለየላት። አሜን አላለችም።

በሚቀጥለው የጌታ እራት የታደለው ከሲቀላ ዳቦ ቤት የተገዛ፣ በእርሾ የተነፋ ዳቦ ነበር። ማን እንዳቦካው የጠየቀ የለም። ሁሉም በላ። ሻሺቱ ሳህኑ ሲደርሳት ሳትነካ ለሚቀጥለው አሳለፈችው፤ ሰኞ ስትጠርግም ወለሉ ንጹሕ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሔርሜላ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ዮናስ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ መጀመሪያ ሠርጉ ይገፋ አሉ፤ ከዚያም የሠርጉን ነገር ጨርሶ ማንሣት ተዉ። ምክንያቱን ለሔርሜላ የነገራት ራሱ ዮናስ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለቻት ሔርሜላ፣ በሩ ላይ እንደቆመች።

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

"ቢያንስ ከሰው አፍ አልሰማውም ነበር።"

ሻሺቱ አባትሽ ነው አትናገሪ ያለኝ ልትል አሰበችና የሞተ ሰው ላይ ማላከክ ሆነባት።

ሔርሜላ ሐዋሳ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ሥራ አገኘች። በምትሄድበት ጠዋት እናቷ ለመንገድ ስንቅ ብላ ዱቄት እየለወሰች ነበር።

"ትንሽ ጠብቂ፣ አሁን ይደርሳል" አለቻት።

"መኪናው ይሞላል" አለች ሔርሜላ። ጉንጯን ሳመቻት፤ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ሻሺቱ ሊጡ እጇ ላይ እየደረቀ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

የቤተ ክርስቲያኑን ጽዳት ተወች። መጋቢ ይፍሩም ወደ ካምባ ተዛወረ፤ ሲሄድ ሊሰናበታት አልመጣም። አሁን ሻሺቱ በገበያ ቀን ሲቀላ ከሸክላ ሻጮቹ መካከል ተቀምጣ ድስት ትሸጣለች። የምትደብቀው ነገር ስለሌላት እንቅልፏ ደህና ነው፤ ቂጣ የሚቆርስላት ግን የለም፤ የጌታ እራት ከወሰደች ዘመን ሆናት።

ሔርሜላ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ስለ ጤናዋ ትጠይቃታለች፣ ስለ ሙቀቱ ትጠይቃታለች። ምን ሸጠሽ ትኖሪያለሽ ብላ ግን ጠይቃት አታውቅም።