መርዶ ነጋሪዋ እናቴ

ዛሬ ጠዋት ጉሙ ገና ከእንጅባራ ጣሪያዎች ላይ ሳይነሳ ጎረቤቴ የስልክ ቻርጀር ልትዋስ በሬን ብታንኳኳ፣ ክው ብዬ ከፈትሁና «ማን ሞተ?» አልኋት። ሴትዮዋ ደንግጣ ቻርጀሩንም ረሳችው። ምን ታድርግ፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ አታውቅም።

እናቴ ዳንግላ ከተማ የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ነበረች። የሾማት የለም፤ እንደ እሷ የሚችልበት ስለጠፋ ብቻ፣ የሞት ወሬ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ማልደው እሷን ይቀሰቅሳሉ፤ እሷም ሐዘንተኛው ማታ እህል መቅመሱን ሳታጣራ ንቅንቅ አትልም፤ ገበሬውን በአዊኛ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰው በአማርኛ፣ ትከሻውን ደገፍ አድርጋ ቀስ ብላ ታረዳዋለች። ጣጣው ታዲያ በጠዋት የሰው በር ማንኳኳት አለመቻሏ ነበር። አንድ ቀን ጨው ልትበደር ብትሄድ ጎረቤታችን ገና ድምጿን ስትሰማ ደረቷን እየደቃች ወጥታ ሰፈሩን አተራመሰችው፤ አባቴ ፈረሱን ጋሪው ላይ እየጠመደ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ጨው ሲያልቅ የሚላከው እሱ ሆነ።

አባቴ በሞተ በዓመቱ እናቴ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ በመጨረሻ የአባቴን ሞት። «አባትሽ ከአዘና ገበያ አልተመለሰም?» ስትለኝ እውነቱን ነገርኋት፤ እንደ አዲስ ፊቷን ነጨች። በማግሥቱ ደግማ ጠየቀች፤ ወንድሜ ነገራት፤ ደግማ ነጨች። ጎረቤቱ ጸበል ውሰዷት አለ፤ ወሰድናት። ሐኪሙ የአንጎል ሕመም ነው፣ አታስጨንቋት አለን። ወንድሜ ግን «በሞተ ሰው እንዴት ይዋሻል?» ብሎ ድርቅ አለ። እኛ አንድ ጊዜ አልቅሰን የወጣልንን ሞት እሷ በየቀኑ ስትረዳው አንጀቴ አልችል አለ፤ ለእሷ የሚሆን መርዶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከራሷ በቀር አልነበረም። ስለዚህ እኔ ዘንድ አመጣኋትና መዋሸት ጀመርሁ። «ገበያ ነው፣ ይመጣል» እላታለሁ። «ፈረሱን እንዳያስርበው» ትልና ትረጋጋለች።

ባለፈው እሑድ ፀሐይ ላይ አስቀምጫት ፀጉሯን ስፈታላት፣ ያ ሰፈር የሚፈራው ድምጿ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ዞር ብላ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ማን ሞተብዎ?» አለችኝ።

ሸበትሁም ወለድሁም ለእናቴ ሁልጊዜ «አንቺ» ነበርሁ። አንቱ ስትለኝ እኔም አንድ መርዶ ደረሰኝ።

«እናቴ» አልኋት።

«ወይኔን! እግዜር ያጥናዎ» ብላ ትከሻዬን አቅፋ አብራኝ አለቀሰች፤ እኔም ያልሞተችውን እናቴን ከራሷ ጋር አለቀስኋት።