ሳይቀመጡ የሚለምኑ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የዓለምዘርፍን የማያውቅ አከራይ የለም። ገበያ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ ዘርግታ ስትሸጥ ሰላምታዋ ለመንገደኛው ሁሉ ይበቃል፤ ሁሉም ይወዳታል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከግራ ከቀኝ ሰው አስከትላ አንድ ግቢ በር ላይ ከታየች ግን ባለቤቱ በመስኮት አሾልቆ አይቶ «መጡብኝ» ይላል። የዓለምዘርፍና ባልንጀሮቿ አንዴ ከመጡ አይቀመጡምና።

ማኅበራቸው በማኅተሙ ላይ «ጥላ የበጎ አድራጎት ማኅበር» ይባላል፤ በከተማው አፍ ግን «ቋሚዎቹ» ናቸው። መጠለያ የላቸውም፤ ፍራሽም ሾርባም አያድሉም። ሥራቸው ሰው ሜዳ ላይ ከመውደቁ በፊት መድረስ ነው። አንድ አከራይ አንዲት አሮጊት ወይም አራስ «ልቀቂ» ማለቱን ሲሰሙ፣ ልጅ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ሽማግሌዎች ሆነው በሩ ላይ ይቆማሉ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባሉ «የመጣንበትን እሺ ሳትሉን አንቀመጥም» ይላሉ። ዝናብ ቢመጣም ይቆማሉ፤ ሚዛን ላይ ደግሞ ዝናብ መቼ ይቀራል? ሽማግሌ በደጁ ቆሞ እያለ እህል የሚወርድለት ሰው ገና አልተወለደም፤ ጎረቤትም ያያል። አከራዩ ተነጫንጮ ተነጫንጮ በመጨረሻ ቃሉን ይሰጣል። ያኔ ይቀመጣሉ። ከዚህ ሌላ መሣሪያ የላቸውም።

ይህን ዘዴ ያመጣው መምህር ዓባይነህ ነው፤ ያመጣውም ለራሷ ለየዓለምዘርፍ ነበር።

እሷ የማሻ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ከጎጃም ለማስተማር ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። ሚዛን የገባችው የጭነት መኪና ሾፌር ባሏን ተከትላ ሲሆን፣ ሾፌሩ ቡና ሊጭን ወደ ቴፒ እንደወጣ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀልሶ ቀረ። አራስ ልጅ ይዛ ኪራዩ አቃታት። አከራይዋም ዕቃዋን አውጥቶ ዝናብ ላይ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ነው የአጥር ጎረቤቷ መምህር ዓባይነህ ጃንጥላ እንኳ ሳይዝ ወጥቶ አከራይዋ በር ላይ የቆመው። «ግባ» ቢሉት አልገባም፤ «ተቀመጥ» ቢሉት «ስለዚች ልጅ እሺ ሳትለኝ አልቀመጥም» አለ። ውኃው ከባርኔጣው ጠርዝ እየወረደ ቆሞ ዋለ። ቀኑ ሊመሻሽ ሲል አከራዩ ተሸነፈ። የዓለምዘርፍ ፍራሿን መልሳ ስታስገባ ዓባይነህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሲጨምቅ አየችው፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ሰው ክፉ ቢነግሯት የማትሰማ ሆነች።

ሌላ ሴት ስትባረር «ጋሽዬ፣ ለእኔ የቆምከውን ለእሷም እንቁምላት» ያለችው እሷ ናት። ሁለት ሆነው ቆሙ። ቀጥሎ አናጢው ሲሞን መጣ፤ የቤንች ሰው ነው፣ ዝምተኛ፤ ካልለመነ በቀር የማይናገር። ጠጅ ነጋዴዋ ማናልሞሽም ገባች። ልጇ አድጋ ትዳር ይዛ እስክትሄድ ድረስ የዓለምዘርፍ ከዓባይነህ ጎን ያልቆመችበት ደጅ የለም። እሱ በቀኝ፣ እሷ በግራ። ሰው አባቷ ይመስለው ነበር፤ እሷም አላረመችም።

የከድጁ ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከድጁ ከባሏ ከአባቢያ ጋር ከጅማ መጥታ ያረጀች ሴት ናት። አባቢያ ቡና ይነግድ ነበር፤ ሀብቱ ከእሱ ቀድሞ ሞተ፤ እሱም ሻሚል የሚባል ነጋዴ ግቢ ውስጥ በተከራዩአት አንዲት ክፍል አረፈ። ከድጁ እዚያችው ቀረች። ዓይኗ እየደከመ ሄዶ ጥላና ብርሃን ብቻ መለየት ጀምራለች። ግን ከበሯ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ መስጊዱ አጥር ያለውን መንገድ እግሯ ያውቀዋል፤ ማንም እጇን ሳይዛት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ከዚያች ክፍል ብትወጣ የምታጣው ጣራ ብቻ አይደለም። በሰው እጅ የምትመራ ሰው ትሆናለች፤ ይህን ደግሞ ከሞት አስበልጣ ትፈራዋለች።

ሻሚል ግቢውን አፍርሶ ሱቅ ሊሠራ ሲነሳ ቋሚዎቹ መጡበት። ሻሚል ቀልደኛ ነው፤ «እኔ እስላም፣ እናንተ ክርስቲያን፤ ለእኔ ሰው እናንተ ትለምኑኛላችሁ? ይኼ ነውር ነው» አለ። ዓባይነህ «እንግዲያው ከነውሩ አውጣን» አለው። ሻሚል ሳቀ፣ ከዚያም ሳቁን ትቶ እጁን ለዓባይነህ ዘረጋ። «ወላሂ፣ በሕይወት እስካለች አላስወጣትም። ቃሌን ላንተ ሰጥቻለሁ» አለ። ተቀመጡ፤ ሻይ ጠጡ። ከድጁም ከዚያ ቀን ጀምራ ሶላት በሰገደች ቁጥር ዓባይነህን ሳትጠራ ዱዓዋን አትጨርስም።

ሻሚል ቃሉን ጠበቀ። ለዓመታት ጠበቀ።

አንድ ጠዋት ግን አንድ ደላላ ከድጁ በር ላይ መጥቶ ግቢው መሸጡን፣ አዲሱ ባለቤት ሊያፈርስ መሆኑን፣ ወሩ ሳያልቅ እንድትለቅ ነግሯት ሄደ። ገዢው ማን እንደሆነ አልተናገረም። የዓለምዘርፍ እንደሰማች ኮረሪማዋን ለጎረቤቷ ጥላ ወደ ዓባይነህ ሮጠች። ያማከረችው ይህንን ሰው ነው እንግዲህ። ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ጋሽዬ፣ እማማ ከድጁን ሊያስወጧት ነው። ገዢውን ፈልገን እንቁምበት።»

ዓባይነህ ጉልበቱን አሻሸ። «ሰሞኑን መቆም አቅቶኛል፣ የዓለምዬ። ደግሞ ማን እንደገዛው ሳናውቅ የማን ደጅ እንቆማለን? አንቺ ዝም በይ፤ እኔ ላጣራና እነግርሻለሁ።»

አመነችው። ለምን አታምነውም? ለጉልበቱ ቅባት ገዝታ ወሰደችለት። ሲሞን «ወደ ሻሚል ሄደን እንጠይቅ» ቢላት «ጋሽ ዓባይነህ ይዞታል» ብላ አስቆመችው። ሰዎች መጥተው ግቢውን በሜትር ለክተው በሄዱ ማግስት ለከድጁም ይህንኑ ነገረቻት፤ «መምህር ይዞታል፣ አይዞሽ» አለቻት። ከድጁ «አላህ ያውቃል» ብቻ አለች። የዓለምዘርፍ ፍርሃት መሰላት።

ቀኑ እያለቀ ሄደ። ዓባይነህ «ገና ነው» ይላል፣ ደላላው ይመላለሳል። በመጨረሻ የዓለምዘርፍ መታገሥ አቃታትና ብቻዋን ሻሚል ሱቅ ገባች። ሰላም እንኳ አላለችውም።

«ቃልህን በላኸው» አለችው።

ሻሚል በእውነት ደነገጠ። «እኔ? ምን አደረግሁ?»

«ለማይታወቅ ሰው ሸጠህ አሮጊቷን ሜዳ ላይ ልትጥል ነው።»

«የማይታወቅ?» አለ ሻሚል። «እህቴ፣ ለማን ሸጥኩና! ጅማ ልገባ ነው፤ ልጆቼ እዚያ ናቸው፣ መሸጤ ካልቀረ ቃሌን ለተቀበለው ሰው ልሽጠው ብዬ ለመምህር ዓባይነህ ሰጠሁት። ከፍ አድርጎ የሚገዛኝ ሌላ ሰው ነበር። ለሌላው ብሰጠው ያስወጣታል ብዬ ነው የተውኩት። ከሽማግሌው የበለጠ ማን ይጠብቃታል?»

የዓለምዘርፍ አጠገቧ ያለውን መደርደሪያ ያዘች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምታ ታውቃለች፤ ለሌላው ሰው ብዙ ጊዜ ተርታዋለች። በራስ ላይ ሲደርስ ተረት አይመስልም። ሻሚል ውኃ ሰጣት። ሳትጠጣው ወጣች።

የዓባይነህን ግቢ በር ስትገፋ ሰውየው መሰላል ላይ ወጥቶ የጣራውን አሸንዳ ከቅጠል ሲያጠራ አገኘችው። መሰላል ላይ! ያ መቆም ያቃተው ጉልበት ከነቅባቱ ሽቅብ ወጥቷል። ሲያያት መጥረጊያው በእጁ ቀረ። ቀስ ብሎ ወረደ። ወዲያው እንዳወቀች ገባው።

«ነይ ግቢ፣ ተቀመጪ» አላት።

አልተቀመጠችም። ነጠላዋን አጣፋችና እሱ ራሱ እንዳስተማራት ቆመች። በቀኟ ማንም የለም።

«የመጣሁበትን እሺ ሳትለኝ አልቀመጥም» አለችው።

«የዓለምዬ፣ በእኔ ላይ?»

«እማማ ከድጁ በሕይወት እስካለች አትወጣም የተባለ ቃል አለ።»

ዓባይነህ መጥረጊያውን መሰላሉ ላይ አስደገፈ። የመለሰላት ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ይናገርበት በነበረው ለስላሳ ድምፅ ነው። «ቃሉን የሰጠው ሻሚል ነው። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እኔ ለማን ቃል ሰጠሁ?»

የዓለምዘርፍ መጀመሪያ አልገባትም። ቆይቶ ገባት። ሰውየው ልክ ነው፤ ቃሉ በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ነበር፣ አሁን ሁለቱም እሱ ሆነዋል። የሚለምን ሽማግሌ ቀርቶ የሚቆምበት ደጅ እንኳ የለም። ለካ ይህ ሁሉ ዓመት ደጅ ሲቆሙ እሱ የበሩን ማጠፊያ እያጠና ነበር።

«ለተማሪዎች የሚከራይ ክፍል ልሠራ ነው» አለ፤ «ልጄ ሚካኤልም ሊያገባ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ቆምኩ። አንድ ጊዜ ለራሴ ብቀመጥ ምን አለበት?»

«ቢያንስ ብትነግረኝ» አለች። «ቅባት ስገዛልህ ብትነግረኝ።»

እሷ እስኪደክማት ቆመች፤ እሱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ቋሚዎቹ ሳይቀመጡ የተመለሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከድጁን ወደ ራሷ ቤት አመጣቻት። ማን እንደገዛው ግን አልነገረቻትም። በየሶላቱ ስሙን ስትጠራው እየሰማች፣ ያቺን ዱዓ ከአሮጊቷ አፍ መንጠቅ አልሆንላት አለ። «የአዲስ አበባ ሰው ነው የገዛው» አለቻት። ከድጁ በአዲሱ ቤት ከምሶሶው ጋር ተጋጨች፣ የበሩ ደፍ አደናቀፋት፤ ቧንቧ ለመሄድ እጇን የሚይዝ ሰው መጠበቅ ጀመረች። አላማረረችም። ይህ ለየዓለምዘርፍ ከማማረሯ የባሰ ነበር።

ለሲሞንና ለማናልሞሽ ግን ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ዓባይነህን ለመቆም የጠራው የለም። እሱም ደህና ነበረ፤ ግቢውን አፈረሰ፣ ብሎኬት ደረደረ። የጨነቀው የሚካኤል ጋብቻ ሲደርስ ነው። ልጅቷ የቴፒ ልጅ ናት፤ ሽማግሌ መላክ አለበት፤ በዚህ አገር ከሲሞን የበለጠ ሽማግሌ ደግሞ የለም። ሲሞን ተለመነና አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «ከየዓለምዘርፍ ሳትታረቅ በማን አፍ እለምንልሃለሁ?»

እናም አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ ሲሞንና ማናልሞሽ ዓባይነህን በመካከላቸው አድርገው የዓለምዘርፍ በር ላይ ቆሙ።

በቤቱ ውስጥ ሦስት ወንበር ነው ያለው። በአንዱ ከድጁ ተቀምጣ ኮረሪማ በእጇ እየዳበሰች ትለቅማለች። የዓለምዘርፍ በሩን ከፍታ ሦስቱን አየቻቸው። ባርኔጣው ያው የድሮው ነው፤ ውኃው በጠርዙ ይወርዳል። ባርኔጣውን ልትቀበለው እጇን ዘርግታ መለሰችው፤ በዚህም በራሷ ተናደደች።

«ግቡ» አለች። «ሲሞን፣ ማናልሞሽ፣ እናንተ ተቀመጡ። እናንተን አላቆምም።»

ሁለቱ ተያዩ። ልመናው ሳይፈጸም የተቀመጠ ሽማግሌ ልመናውን ተወ ማለት ነው፤ ይህን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሲሞን ትንሽ አሰበና ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ማናልሞሽም ተከተለች። ዓባይነህ ብቻውን ቆሞ ቀረ። እንደ ልማዱ ሳል ሳል አደረገው።

ከድጁ ቀና አለች። «መምህር ነህ?» አለች። ኮረሪማውን አስቀምጣ ግድግዳውን እየዳበሰች ተነሳች። «ኖር! ና፣ በእኔ ቦታ ተቀመጥ። አንተ እኮ ለእኔ ብዙ ቆመሃል።»

ከድጁ ወንበሩን በአንድ እጇ ይዛ፣ ወደ ሳሉ አቅጣጫ ፊቷን አዙራ ጠበቀች። ዓባይነህ ወንበሩን አየ፣ የዓለምዘርፍን አየ።

«ንገራት» አለችው የዓለምዘርፍ ቀስ ብላ። «የማን ቤት እንደገዛህ ንገራት፣ ከዚያ ተቀመጥ።»

አልነገራትም። ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ወደ ዝናቡ ወጣ። የአጥሩ በር ሲዘጋ ተሰማ።

ከድጁ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ኮረሪማውን ፈልጋ አገኘችው። «አውቄ ነበር» አለች። «ግቢውን በሜትር ሊለኩ የመጡ ዕለት ከሰዎቹ ጋር ቆሞ ሲስል ሰምቼዋለሁ። ያንን ሳል መቼም አልስተውም።»

የዓለምዘርፍ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «እማማ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ጋሽዬ፣ ጋሽዬ ስትዪው እሰማ ነበራ» አለች ከድጁ። «እኔ ቤት ነው ያጣሁት። አንቺ ግን ልታጪ የነበረውን አውቄ አዘንኩልሽ።»

የዓለምዘርፍ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሲሞን ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አዞረ። ማናልሞሽ ተነስታ በሩን ዘጋችው።