ልጄን ያወፈራት ውሃ

ልጄ ወፈረች ብዬ የተደሰትኩበት ሰሞን ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ የእግሯ ጣት ሳይቀር ድቡልቡል ብሎ፣ ያያት ሁሉ «ምን እያበላሻት ነው?» ይለኝ ነበር። የማበላትማ ስኳር ድንችና ቆጮ ነው፤ እሱም ሲገኝ። ላማችን ነጥፋለች፣ ባቄላው ዝናብ አጥቶ አላፈራም። ሆዷ ይሞላል፣ ትተኛለች፣ እኔም እፎይ እላለሁ። ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ መጫወት ስትተው እንኳ ጨዋ ሆነች አልኩ እንጂ ምን ነካት አላልኩም።

ከዚያ ተቅማጥ ያዛት። እኔ ደግሞ ተቅማጥ አልፈራም። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል ባያልፍም ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ። አረካ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን ሴቶችን ሰብስቤ ሕይወት አድን የሚባለው ዱቄት እንዴት እንደሚበጠበጥ የማሳየው እኔ ነበርኩ። አንድ ከረጢት፣ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ። «ስኳሩ የጨውን እጅ ይዞ ይገባል፣ ውሃው ደግሞ እነሱን ተከትሎ ወደ ደም ይገባል» ስላቸው ይስቁብኛል። «ሠርገኛ አደረግሻቸው እኮ!» ይሉኛል።

ይኼኛው ግን አልቆም አለ። የጤና ኤክስቴንሽኗ የልጄን እግር አየችና ወዲያው ወደ ሶዶ ሆስፒታል ላከችን።

እዚያ የተቀበለችን ሲስተር ከሰሜን ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። አውራ ጣቷን በልጄ እግር ላይ ጫን አድርጋ አነሳች። ሊጥ የተጫነ ይመስል ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ይሄ ሥጋ አይደለም፣ እናቴ። ውሃ ነው።»

«ውሃ እንዴት እግር ውስጥ ይገባል?»

«ውሃውን ደም ውስጥ ይዞ የሚያቆየው ፕሮቲን ነው። የእንቁላል ነጩን ታውቂ የለ? እንደሱ ያለ ነገር። እሱ ሲያልቅ ውሃው ከደም ሥር እየሾለከ ይወጣል። ጨዉንም ሰውነቷ ማስወጣት አቅቶታል።»

«እንግዲያው እንቁላል ላብላታ!»

«ገና ነው። አሁን ጉበቷም ልቧም አይችልም። በየሦስት ሰዓቱ ይቺን የመድኃኒት ወተት ብቻ። ለተቅማጡ የሚሆነውን እኔ ራሴ እሰጣታለሁ። ሳትጠይቂኝ ውሃም እንዳትሰጫት፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። ግን ወተቷ አንዲት ስኒ እንኳ አትሞላም። በማግስቱ ተቅማጡ ደጋገማት፤ ከንፈሯ ደረቀ፣ ዓይኗን እያንከራተተች አፌን አፌን ታየኛለች። ስንቱን ልጅ ያዳንኩበት ዱቄት ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ሲስተሯ ለምሳ ወጥታለች። ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ በጠበጥኩት። ስትጠጣ ብታዩዋት! ማንኪያውን ነክሳ አልለቅም ትላለች። አዬ እኔ፣ «አይዞሽ፣ እናትሽ አለች» እያልኩ ግማሽ ሊትር አጠጣኋት።

ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ጠፋ። ሽፋሽፍቷ አብጦ ከደነው። ትንፋሿ ቁና ቁና አለ፤ የጎድኗ ክፍተት ወደ ውስጥ ይጎተታል። ሲስተሯ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«ምን ሰጠሻት?»

«ምንም።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምንም አልኩ። ያን ሁሉ ሴት ያስተማርኩ ሰው ልጄን በገዛ እጄ ልገድል ነው ብዬ አፌ እንዴት ይከፈት?

«ስሚኝ» አለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «ልቧ ውሃውን መግፋት እያቃተው ነው። ምን እንደጠጣች ካላወቅን እንዴት እንረዳታለን? በናትሽ ንገሪኝ።»

ጠርሙሱን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁት።

«ስንት?»

«እስከ ግማሹ።»

አልተቆጣችኝም። እየሮጠች ሄደች። ሐኪሙ መጣ፤ መርፌ ወጓት፣ ወተቱንም አቆሙ። እኔን ከበሩ ውጭ አስቀመጡኝ። ጥቅል ጎመን ከትፌ ጨው ስነሰንስበት ውሃው ሲወጣ ስንቴ አይቻለሁ! ጨው ውሃ እንደሚጎትት እጄ ያውቀዋል። እንዴት ልጄ ላይ ስደርስ ጠፋኝ?

ሳይመሽ ትንፋሿ ረገብ አለ። በማግስቱ ወተቱን በጠብታ ጀመሩላት። ከዚያ በየቀኑ ሽንቷ በዛ፤ ሚዛን ላይ ባወጧት ቁጥር ክብደቷ ይወርዳል። ክብደቷ ሲወርድ ሲስተሯ ደስ ይላታል፤ እኔ ልቤ ይወርዳል።

በሳምንቱ አማቴ ከገጠር መጥተው አልጋው ላይ ሲያዩዋት ጮኹ።

«ምን አደረጋችኋት? ያቺ ወፍራም ልጄ የት አለች?»

ክንዷ እንደ እንጨት፣ የቂጧ ቆዳ ተሸብሽቦ፣ አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። «ይቺው ናት፣ እማማ» አልኳቸው። «ያኔም እንዲህ ነበረች። ውሃው ሸፍኗት ነው ያላየናት።» ይሄን ስናገር ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት። አማቴ ቀጭኗን እግር በሁለት እጃቸው ያዙ።

ልጄ የኩባያውን ወተት ጨርሳ ጠርዙን ላሰች፤ ወደ እኔ ገፍታ በወላይትኛ ጨምሪልኝ አለችኝ። አማቴ ኩባያውን አንስተው ተነሱ።

«ጠየቀች?» አለች ሲስተሯ ከወዲያኛው አልጋ ዞራ። «ጎሽ! መራብ ጀመረች ማለት ነው። ግን ሰዓቷ አልደረሰም።»

ኩባያውን ከአማቴ እጅ ቀስ ብዬ ተቀበልኩና አስቀመጥኩት። ልጄ መጮህ ጀመረች። አጥንቷ እየወጋኝ አቀፍኳት፤ ደረቴን በጡጫዋ ትመታኛለች፣ እኔ ደግሞ አልሰጥም።