ከኮሌጅ ያመለጥኩባት ዓርብ

ባለፈው ሳምንት፣ አያት ሰፈር የምንኖርበት ሕንፃ በር ላይ፣ ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ሲሸኙ አየሁ። እናቷ በሶውንና ብርድ ልብሱን ደጋግማ ትቆጥራለች፤ አባቷ ይቆጣል። ልጅቷ ግን መሬት መሬቱን ታያለች። ያ አንገት መድፋት በዘጠናዎቹ መባቻ ወደ ነበረች አንዲት የኅዳር ዓርብ መለሰኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ሰፈር ነበር ቤታችን። አባቴ ወደ ቦሌ ታክሲ የሚነዳ የወሎ ሰው ነበር፤ እናቴ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ከዘመዶቻችን ኮሌጅ የገባ አልነበረም። ጅማ ስመደብ አባቴ ለተሳፋሪው ሁሉ አወራ። አውቶቡስ ተራ ሲሸኘኝ ግን ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰአዳ፣ አንገቴን እንዳታስደፊኝ።»

የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ከመቶ አሥራ ስምንት አገኘሁ። ሰፈራችን ትምህርት ቤት ከአንደኝነት ወርጄ አላውቅም ነበር። ማንንም ሳልሰናበት፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳልይዝ፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተሳፈርኩ። ሰኞ ሁለተኛው ፈተና ነበር፤ ሳያስፈቅድ የቀረ ዜሮ እንደሚያገኝ አውቅ ነበር።

ሰፈር ስደርስ ዕለቱ ኅዳር ሲታጠን ነው። በየደጁ የሚነደው ቆሻሻ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ለእንባዬ ጥሩ ሰበብ ሆነኝ። እናቴ ከሱቋ ወጥታ አቀፈችኝ።

«ተውኩት እማ» አልኳት።

«ተዪው! ከእኔ ጋር ሱቅ ትሠሪያለሽ። ብቻ ደህና ሁኚልኝ» አለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቶሎ መስማማቷ ግን ይበልጥ አስፈራኝ።

አባቴ የታክሲውን ቁልፍ እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ስነግረው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ተመልሶ ወጣ። እኔና እናቴ ሳንነካው የቀረበው ሽሮ ቀዘቀዘ። ሲመለስ እትዬ ለተብርሃንን ይዞ ነው። የትግራይ ሰው ናቸው፣ ሁለት ልጆች ኮሌጅ ያስመረቁ ጎረቤታችን፣ መምህርት።

«ምከሩልኝ» አላቸው።

እሳቸው ግን ወደ እኔ አልዞሩም። «ጋሽ ሰይድ፣ ሲሸኟት ምን አሏት?»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው።

«ታዲያ ይኼን ተሸክማ እንዴት ታጥና? የምትኖርበትንስ አይተውታል?»

«ኧረ የት አይቼው!»

«እንግዲያው አብረዋት ሄደው ይዩት።»

እናቴ ብድግ አለች። «አልቅሳ የመጣች ልጄን በግድ ልስደዳት?»

አባቴ ዓይኔን አየኝ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«ፈርቻለሁ» አልኩ። «ግን ሱቅ ተቀምጬ ሰኞን ማሰቡ ይብስብኛል።» እናቴ ፊቷን አዞረች። በማግስቱ ግን ለመንገድ ስንቅ ዳቦ ጋገረችልኝ።

እሁድ ንጋት ላይ አባቴ ታክሲውን አቁሞ አብሮኝ ተሳፈረ። ከወልቂጤ አልፈን የግቤን ቁልቁለት ስንወርድ እንደ ተሳፋሪ መቀመጥ አቃተው፤ እግሩ ወለሉን እንደ ፍሬን ይረግጥ ነበር። ጅማ ዝናብ ነበር፤ ቀዩ ጭቃ ጫማችንን ያዘው። የሴቶች ማደሪያ ወንድ ስለማይገባ መስኮቴን ከውጭ አሳየሁት። «ከግራ ሦስተኛው» ብሎ ለራሱ ቆጠረ።

ሰኞ ጠዋት ካደረበት አልጋ ቤት መጥቶ የመፈተኛው አዳራሽ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ስሚኝ ሰአዳ» አለ። «አሁን መንገዱን አውቄዋለሁ። ብትወድቂ መጥቼ እወስድሻለሁ። በይ ግቢ።»

አለፍኩ ብል ደስ ባለኝ። ሠላሳ ስድስት ነው ያመጣሁት። ለአባቴ ከመደወሌ በፊት የስልኩን እጀታ ስንቴ አንስቼ መለስኩት። በመጨረሻ ነገርኩት።

«ልምጣ?» አለኝ።

«አትምጣ» አልኩት።

ኬሚስትሪን በዓመቱ ደግሜ ወስጄ ከጓደኞቼ ዘግይቼ ተመረቅኩ።

አባቴ ዛሬ የለም። ያኔ አዲስ ገቢዋ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልጆች አሳድጌ ሳየው፣ እሱም የዚያ ዓመት ጀማሪ ነበር፤ የኮሌጅ ተማሪ አባት መሆንን ማንም አላስተማረውም። ተሳስቶ ለመታረም ሦስት ቀን በቃው። እኔ ለልጆቼ «ልምጣ?» ማለትን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል።