አገር ስጪኝ

እኔ በተፈጥሮዬ መራመድ አልወድም። ታክሲ እያለ ሰው በእግሩ የሚሄደው ምን ሆኖ ነው የምል ሴት ነኝ። ሐኪሙ ስኳሬ ከፍ ማለቱን ነግሮኝ «ይራመዱ» ባይለኝ ኖሮ፣ ከኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ የሚያወርደኝ ገበያና ለቅሶ ብቻ ነበር። ልጄ ግን ይህን ሰበብ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ የራሷን ስኒከር እግሬ ላይ አጥልቃ፣ ክሩን አስራ ይዛኝ ወጣች።

ሦስተኛችን ሐጂ ናቸው። ከሕንፃችን ሥር ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሰው፣ በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ እሳቸውም ጉልበታቸው እንዳይተሳሰር ብለው ሱቁን ለባለቤታቸው ትተው ይከተሉናል። ከብሎኮቹ ወጥተን፣ አስፋልቱ የሚያልቅበትን አልፈን፣ ኮንዶሚኒየም ያልደረሰበትን የጤፍ ማሳ ዳር ዳሩን ይዘን እስከ አንዲት ጉብታ እንሄዳለን። እዚያ ተቀምጠን የረር ተራራን ፊት ለፊት እያየን ውሃ እንጠጣለን፤ ከዚያ እንመለሳለን። ይኸው ነው።

መንገዱ ረዘመብኝ እያልኩ ስለማማርር ልጄ እንቆቅልሽ አመጣች። እንቆቅልሹ ግን እኛ በልጅነታችን አቃቂ የባቡር ሠራተኞች ግቢ ውስጥ የምንጫወተው ዓይነት አይደለም። «በዓለም ላይ ረጅሙ የባሕር ዳርቻ ያለው የትኛው አገር ነው?» «ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሐይቅ ያለውስ የትኛው ነው?» የጂኦግራፊና የታሪክ ፈተና በሉት። ደንቡ ግን ያው የድሮው ነው። «እንቆቅልሽ» ትላለች፣ «ምን አውቅልሽ» እንላለን፣ ካላወቅን «አገር ስጡኝ» ትላለች። አንድ አገር እንሰጣታለን። አልቀበልም ካለች ሌላ እንሰጣለን፤ ከተቀበለች እዚያ ገብታ ስትንደላቀቅ፣ እኛን ሰጪዎቹን ስታዋርድ ትቆይና መልሱን ትነግረናለች።

የአብዛኛው ጥያቄ መልስ ካናዳ ነበር። ያለ ምክንያት አልነበረም። እዚያ አንድ ከተማ ያለ ኮሌጅ ተቀብሏታል፣ ቪዛውም መጥቷል። ከተማዋን አስቀድማ ልትለምድ ብላ በስልኳ የዚያ አካባቢ የእግር ተጓዦችና የታንኳ ቀዛፊዎች ቡድን ውስጥ ገብታለች፤ ሰዎቹ ስለ ተራራና ወንዝ፣ ስለ ድሮ ታሪክ እየተጠያየቁ ይዝናናሉ። የቀረው የኔ ቃል ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ «አንቺ ሂጂ ካላልሽኝ አልሄድም» ብላኛለች። እኔም «እንደፈለግሽ» እላታለሁ። እንደፈለግሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናት ያላት ሁሉ ታውቃለች።

ስለ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ስትነግረን መጀመሪያ አላመንኳትም። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ሲሻገሩ መካከል ላይ ደረቅ መሬት ካጋጠማቸው፣ ታንኳውን ገልብጠው ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ጫካ ለጫካ ይሄዳሉ አለችን።

«ለምን?» አልኩ።

«ለመዝናናት።»

«መኪና የላቸውም?»

«አላቸው። ታንኳውን ራሱ በመኪና ነው የሚያመጡት።»

ሐጂ ቆም ብለው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሳቁ። «እኔ በልጅነቴ መርካቶ ስሸከም የኖርኩት ለመዝናናት መሆኑን አላወቅኩም ነበር» አሉ። እኔ ግን በሆዴ፣ ልጄን የምሰጠው ለእነዚህ ነው? አልኩ።

አገር መስጠት ላይ ቆጣቢ ነበርኩ። ሐጂ ስስት አያውቁም፤ ሲሸነፉ ሐረርን፣ ጅማን፣ ደስ ያላቸው ቀን ዱባይን ይሰጣሉ። እኔ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ በጣም ለጋስ በሆንኩበት ቀን ሞጆ። በሚኒባስ ደርሳ ማታ የምትመለስበትን ብቻ። «ዱከም ገብቼ ምን አጥቼ» ትላለች ልጄ፣ «ጥሬ ሥጋዬን እየቆረጥኩ፤ እናቴ ግን ስኳሯን እየተለካች ጎመኗን ታላምጥ!» አንድ ቀን ሐጂ ታዘቡኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያንቺ ካርታ ሞጆ ላይ ነው እንዴ የሚያልቀው?» አሉኝ።

የስኒከሬን ክር የማስር መስዬ አጎነበስኩ።

አንድ ቅዳሜ ጉብታዋ ላይ እንደተቀመጥን ልጄ ስልኳን እያየች ብቻዋን ትስቃለች። ለካናዳዎቹ የራሷን ጥያቄ ልካ ኖሯል፤ በሠፈራችን የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ መጨረሻው የት ነው? ብላ። ሁሉም ዓባይ፣ ከዚያም ሜዲትራኒያን አሉ። እኔም ብጠየቅ ዓባይ ነበር የምለው፤ የእኛ ወንዝ ሁሉ ወደ ሰው አገር ይሄዳል ተብለን ነው ያደግነው። ልጄ ግን «አቃቂ አዋሽ ይገባል» አለች። «አዋሽ ደግሞ በረሃውን አቋርጦ ጠረፍ ድረስ ይሄድና፣ ባሕር ሳያይ እዚያው አንድ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።» አዋሽን በዚያ ቀን ወደድኩት።

«እንዳቃታቸው ሲያምኑ አገር ስጡኝ አልኳቸው» ብላ ቀጠለች። ደንቡን ስታስረዳቸው በጣም ወደዱት። አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ «ከቤቴ ጀርባ ያለችውን ሐይቅ ሰጥቼሻለሁ፤ ታንኳው ዳር ላይ ነው፣ ስትመጪ የሚሸከምልሽ አይጠፋም» ብለው ጽፈውላታል።

ልጄ እየሳቀች ነው ያነበበችልን። እኔን ግን አንገበገበኝ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ዓይኗን አይተው የማያውቁ ሰውዬ ሐይቃቸውን ከነታንኳው ሲሰጧት፣ ዘጠኝ ወር በሆዴ የተሸከምኳት እኔ የሰጠኋት ዱከምን ነው። ያን ቀን የቤታችንን ደረጃ ሳላርፍ ወጣሁት።

ለኮሌጁ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብላ የመጨረሻ መልስ የምትሰጥበት ሳምንት ደረሰ። ልጄ አልጠየቀችኝም፤ ሻንጣም አልገዛችም። ቅዳሜ ጧት እንደ ልማዳችን ወጣን። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ተራቁቷል። ጉብታዋ ላይ ተቀምጠን ውሃ እንደጠጣን «እንቆቅልሽ» አለች።

«ምን አውቅልሽ።»

«ካናዳ ማለት ምን ማለት ነው? የስሙ ትርጉም።»

ሐጂ «በረዶ» ብለው ሞከሩ። አይደለም።

«እሺ፣ አገር ስጡኝ።»

ሐጂ አፋቸውን ከፈቱና እኔን አይተው መልሰው ዘጉት።

«ዱከምን» አልኩ።

«አልቀበልም።»

«ቢሾፍቱን፣ ከነሐይቆቹ።»

«አልቀበልም፣ እማዬ።» ድምጿ የጨዋታ አልነበረም።

ሞጆ ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሐይቃቸውን የሰጧት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። የረርን አየሁ፣ እሷን አየሁ።

«ካናዳን ሰጠሁሽ» አልኳት። «ሂጂ።»

ደንቡ ገብታ እንድትንደላቀቅ፣ እኔን እንድታዋርደኝ ነው፤ እሷ ግን ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ስደቢኝ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባት፤ እንባዬ ሲመጣብኝ የምይዘው ቁጣ ነው። «ደንብ አይደለም? ካናዳ ገብቼ ምን አጥቼ በይ!»

«ካናዳ ገብቼ…» ብላ ጀመረች። ቆመች። «ካናዳ ገብቼ አንቺን አጥቼ» አለችና ትከሻዬ ላይ ተደፋች።

ሐጂ ፊታቸውን አዙረው የቂሊንጦን ፋብሪካዎች ጣሪያ ሲያዩ ቆዩ። ለቅሶው አላልቅ ሲላቸው ጊዜ «እኔ መልሱን ሳልሰማ ልሙት?» አሉ።

«መንደር» አለች ልጄ አፍንጫዋን እየጠረገች። «በአገሩ የጥንት ሰዎች ቋንቋ መንደር ማለት ነው።»

«መንደር ከሆነማ ይህን ያህል ምን ያስለቅሳችኋል!» አሉ ሐጂ። እሳቸውም ግን በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ።

አሁን የምንራመደው ሐጂና እኔ ነን። ስኒከሩን ትታልኝ ሄዳለች፤ ጥያቄውን አርብ አርብ በስልክ ትልክልኛለች፣ ጠያቂዋ እኔ ሆኛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የካናዳ ዋና ከተማ ማን ነው? አልኳቸው። በሙሉ ልብ ቶሮንቶ አሉኝ።

«ኦታዋ ነው። አገር ይስጡኝ» አልኳቸው።

እሳቸው መቼም ለጋስ ናቸው፤ ምንም ሳያስቡ «ካናዳን ሰጠሁሽ» አሉ።

«ካናዳ ተሰጥታለች» አልኳቸው። «ሌላ ይስጡኝ።»