አክስቴ «መርፌውን እይ» ስትል

እኔ ሞያሌ ውስጥ አንደኛ የሞተር ጥገና ፉንዲ ነኝ፤ ሰው ከሚያመላልሱት ሞተር ሳይክሎች ያልፈታሁት ቦዳቦዳ የለም። ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ግን፣ ማሽኗ ስፌት በዘለለ ቁጥር መፍቻ ይዤ ስሮጥ፣ «አንተ ጉረኛ፣ መጀመሪያ መርፌውን እይ» ትለኝ ነበር።

እሷ ከሞተች ወዲህ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ትናንት ልጇ የእናቷን የመጨረሻ ስራ፣ ዛሬ ለሰርግ የሚለበስ ቀሚስ፣ ልትጨርስ ስትል ማሽኑ ስፌት ይዘል ጀመር። ብሎኑን ሁሉ ፈትቼ ገጠምኩ፣ ዘይት አጠጣሁት፣ ሰደብኩት፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ መርፌውን ሳወጣው ጎብጧል። ስቀይረው ልቅም አድርጎ ሰፋ።

«አክስቴ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ?» አልኩ ሁሌ ወደምትሆንበት ጓዳ ዞሬ።

ልጇ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ሞተሬን አስነስቼ ቡቲዬ የምትባለው መንደር ድረስ ሄድኩ። እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።