ኦቦ ገመቹ ብሎክቼይን ላይ ሲከራከሩ

ዛሬ ጊንጪ ላይ ስንዴ አምራቹ ኦቦ ገመቹ ስልካቸውን ነካ አድርገው ገዢውን «ጨምር!» ሲሉት፣ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ!

ገበሬው የማሳውን መረጃ ያለ ደላላ የሚሸጥበት የብሎክቼይን (ማንም ብቻውን ሊለውጠው የማይችል የጋራ ዲጂታል መዝገብ) ገበያ እየሠራን ነው። የስልኩ መተግበሪያም፣ የመረጃ ማከማቻውም፣ ሽያጩን የሚዘጋው ኮድም ይሠራሉ። የሚሸጥ ሰው ግን ጠፋ። ልንተወው ነበር።

የነቃችው ባልደረባዬ ጫልቱ ናት። «ገዢ በጠራው የመጀመሪያ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ጊንጪ ውስጥ አይተሃል?» ብላ ኮዱ ላይ የዋጋ መከራከሪያ ጨመረች። (እዚሁ ገበያ አድገን ረስተነው!)

ዛሬ ኦቦ ገመቹ የአፈራቸውን መረጃ አቅርበው፣ አዲስ አበባ ያለውን ገዢ ላብ በላብ አደረጉት። ተስማሙ፣ ኮዱ ሽያጩን ዘጋ፣ ብሩ ገባ። የመጀመሪያ ሽያጫችን!

እኛ ስንጨፍር እሳቸው ስልኩን እያገላበጡ፣ «ምርቃቱን የቱ ጋ ነው የምጨምርለት?» አሉ።

ጫልቱ ኮዱን እንደገና ከፍታለች። እናንተስ፣ ሥራችሁን የአገራችሁ ሰው ያሳመረላችሁ ቀን የለም?